መርፌዋ ለምን ወደ ዜሮ ትመለሳለች? ለፊዚክስ ተማሪዎች

ውድ ተማሪዎች፣

መምህራችሁ የኤሌክትሮማግኔታዊ ኢንዳክሽንን፣ ማለትም በመግነጢሳዊ ለውጥ ቮልቴጅ የመፍጠርን፣ ምዕራፍ ሲጀምሩ፣ ቀመሩን ከመሸምደዳችሁ በፊት «ለውጥ» በምትለው ቃል ላይ ቆም እንድትሉ እለምናችኋለሁ። እኔ ይህችን ቃል በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል ጽፌ ነጥብ አግኝቼባታለሁ፤ የገባችኝ ግን ሥራ ከያዝኩ በኋላ ባቃጠልኩት ትራንስፎርመር ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች ያሉት፣ 220 ቮልትን ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር እጄ ገባና፣ ቢገለበጥ 12ቱን ወደ 220 ያወጣልኛል ብዬ የመኪና ባትሪ በወፍራሙ ጥቅልል ጫፎች ላይ አሰርኩ። በቀጭኑ ጥቅልል በኩል ያስገባሁት የቮልት መለኪያ መርፌ ብድግ አለችና ወዲያው ወደ ዜሮ ተመለሰች። መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ሌላ ስፈልግ የሚቃጠል ቫርኒሽ ሸተተኝ፤ ሽቦውን በጥድፊያ ስነቅል ደግሞ ክፉኛ ነዘረኝ። ባትሪ የሚሰጠው ጅረት አንዴ ከሞላ በኋላ አይለዋወጥም፤ ጅረቱ ካልተለዋወጠ በብረቱ ውስጥ ያለው መግነጢሳዊ ፍሰት (በብረቱ የሚያልፈው የማግኔት መስክ መጠን) ባለበት ይቆማል፤ ፍሰቱ ከቆመ ደግሞ በሁለተኛው ጥቅልል ላይ ቮልቴጅ አይፈጠርም፣ ወፍራሙ ሽቦም ጅረቱን የሚገታለት አጥቶ ይግላል። መርፌዋ የተነሣችው ጅረቱ ከዜሮ ተነሥቶ እስኪሞላ ድረስ ብቻ ነበር። ስነቅለው የነዘረኝም ፍሰቱ በቅጽበት ስለጠፋ ነው።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1831 ለንደን ውስጥ ያየው ይህንኑ ነበር፤ ልዩነቱ እሱ መለኪያውን አለመጠርጠሩ ነው። በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅልሎች ጠምጥሞ አንዱን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ የሌላኛው መርፌ ትዘላለች፣ ትመለሳለች፤ ሲያቋርጥ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ትዘላለች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የማግኔት ዘንግ ወደ ጥቅልል ሲያስገባና ሲያወጣ ጅረት አገኘ፤ ማግኔቱ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ምንም የለም። ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1825 የጄኔቫው ዣን ዳንኤል ኮላዶን ተመሳሳይ ሙከራ ሠርቶ ነበር፤ ማግኔቱ መለኪያውን እንዳያውክበት ብሎ ጋልቫኖሜትሩን (የጅረት መለኪያውን) በሌላ ክፍል ስላስቀመጠው፣ ማግኔቱን አስገብቶ እዚያ ሲደርስ መርፌዋን አርፋ ያገኛት ነበር። ይህን ሰው ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ቀመሩ እንግዲህ የሚለው ይህንኑ በቁጥር ነው፤ የዙሩ ብዛት በፍሰቱ ለውጥ ተባዝቶ ለውጡ በወሰደው ጊዜ ሲካፈል የሚፈጠረውን ቮልቴጅ ይሰጣል። 100 ዙር ባለው ጥቅልል ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት በ0.1 ሰከንድ በ0.002 ዌበር (የፍሰት መለኪያ አሃድ) ቢለወጥ 2 ቮልት ይፈጠራል፤ ያው ለውጥ በ0.05 ሰከንድ ቢፈጸም 4 ቮልት ይሆናል። የማግኔቱ ጥንካሬ ብቻውን ምንም አያመነጭም።

በቀመሩ ፊት ያለችውን የመቀነስ ምልክት ብዙ ተማሪ እንደ ጌጥ ያያታል። ምልክቷ ሃይንሪክ ሌንዝ እ.ኤ.አ. በ1834 ያስቀመጠው ሕግ ናት፤ የተፈጠረው ጅረት ራሱን የፈጠረውን ለውጥ የሚቃወም አቅጣጫ ይይዛል ትላለች። ዲናሞ (ጎማው ሲዞር ለመብራቱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ) ያለው ብስክሌት የነዳ ሰው በእግሩ ያውቃታል፤ መብራቱ ሲበራ ፔዳሉ ይከብዳል። ቤታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካም እንዲሁ ነው፤ በየቤቱ ምጣዱ ሲበዛ የቆቃ ወይም የግልገል ጊቤ ጀነሬተር ለመዞር ይከብደዋል፣ ፍጥነቱ እንዳይወርድም ተርባይኑ ተጨማሪ ውኃ ይፈልጋል። እንጀራው የሚጋገረው በዚያ ውኃ ጉልበት ነው፤ ማግኔቱ አገናኝ እንጂ የኃይል ምንጭ አይደለም።

በእጃችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሁለትና ሦስት መቶ ዙር ጠምጥሙ፤ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ግን በፍጹም አታገናኙት። የሽቦውን ሁለት ጫፎች በምላጭ ፋቁ፤ ሽቦው በቫርኒሽ የተለበጠ ስለሆነ ይህን የረሳ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ዜሮ ሲያነብ ይውላል። ቁጥር የሚያሳየው መለኪያ ለቅጽበታዊ ለውጥ ስለሚዘገይ ባለ መርፌውን ተዋሱና ከሽቦው ጫፎች ጋር አገናኙት። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በዝግታ፣ ቀጥሎም በፍጥነት ወደ ጥቅልሉ አቅርቡ፣ ፊቱን ገልብጣችሁም ድገሙት፤ መለኪያውንም ሌላ ክፍል አታስቀምጡት።