«ጃፓን መጣች» ይሉኛል

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ፤

በአንድ የክልል ከተማ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ባለፈው ዓመት ለአጭር ሥልጠና ጃፓን ሄጄ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እየዞርን አየን። የውጭ ጫማ በር ላይ ይቀራል፤ ለእንግዶች በተሰጠን ነጠላ ጫማ ደረጃ መውጣት ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ምሳ የሚበላው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ተረኛ ልጆች ነጭ ሽርጥና ኮፍያ አድርገው ለጓደኞቻቸው ያድላሉ፤ መምህሩም ያንኑ ይበላል። ለሁሉም ሳይዳረስ ማንም አይጀምርም፤ ግን «እንብላ» ብሎ መጋበዝ፣ ማጉረስ የለም፤ ሁሉም በየትሪው ነው። የእኔ ላይ ወተት ነበረበት፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ። ሳልነካው ስመልስ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። እምቢ ማለቴ ነውር ይሆን?

ከምሳ በኋላ ልጆቹ ጨርቅ ይዘው ወለሉን ሲወለውሉ ርዕሰ መምህሩም አብረው ይሠሩ ነበር። እኔን ግን ከሁሉ የገረመኝ አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። የትምህርት ቤቱ መምህራን ደብተር ይዘው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። መምህሯ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው፤ ሰሌዳውን አንዴም አላጠፋችም። ሲያበቃ ሁሉም ተቀምጠው በአንድ ልጅ የተሳሳተ መልስ ላይ እስኪመሽ ተከራከሩ። መምህሯም አልከፋትም።

ተመልሼ ይህን ሳወራ መምህራን ማረፊያ ውስጥ «ጃፓን መጣች» ይሉኝ ጀመር። «እነሱ ገንዘብ አላቸው» ብለው ይዘጉኛል። አሁን ርዕሰ መምህራችን ለመምህራኑ ገለጻ እንዳቀርብና ተማሪ የሚያጸዳበት ፕሮግራም እንድናስጀምር ይፈልጋሉ። ምን ብዬ ልቅረብ?

መምህርት ነኝ

---

ውድ መምህርት፤

ወተቱ አያሳስብዎ። እዚያ ምግብ የማይስማማቸው ልጆች ስላሉ የተለየ ትሪ ማዘጋጀት የተለመደ ነው። ሌላ ጊዜ የጾም ቀናትዎን አስቀድመው ለጋባዦቹ ያሳውቁ። ልጅቷ ያፈጠጠችው እንግዳ ሲበላ ማየት ደስ ስለሚል ይመስለኛል፤ የእኛዎቹስ መቼ ይቀራሉ?

ቅጽል ስሙም ቢሆን በአገራችን አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተዋል፤ የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም ከጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። በዚያ ዘመን «እንደ ጃፓን እንሁን» ይሉ የነበሩትን ምሁራን የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ በዚያው አገር ስም ይጠሯቸዋል። ጥሩ ጓደኛ አለዎት።

ርዕሰ መምህሩ በያዙት ሐሳብ ግን አልስማማም። የእኛ ተማሪዎች መቼ መጥረጊያ አጡ? ክፍል በተራ ይጠርጋሉ። ያረፈደ ግቢ ይጠርጋል፣ የረበሸ ሽንት ቤት ያጥባል። መጥረጊያ በእኛ ትምህርት ቤት ቅጣት የሆነው ዱሮ ነው። ጃፓን ውስጥ ጽዳት በሰዓት ሰንጠረዥ የተያዘ የትምህርቱ አካል ነው፣ አዋቂውም ይገባበታል። (ሠራተኛ የለም የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ጥገናና ሌላውን ሥራ የሚሠራ ተቀጣሪ በብዙ ትምህርት ቤቶች አለ።) ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው እጅጌያቸውን ካልሰበሰቡ በስተቀር ፕሮግራሙ ሌላ ቅጣት ሆኖ ይቀራል።

«ገንዘብ አላቸው» የሚሉት ባልደረቦችዎ ስለ ምሳው እውነት አላቸው። የጃፓን የትምህርት ቤት ምግብ ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕግ አለው፣ በጀትና ወጥ ቤት አለው። የክፍል ተማሪ ብዛትም እንዲሁ፤ በ2021 ሕጉ ተሻሽሎ የአንደኛ ደረጃ ጣሪያ ከ40 ወደ 35 ደረጃ በደረጃ እንዲወርድ ተወስኗል። እርስዎ ይህን በስብሰባ ቢያወሩ ማስቀናት ብቻ ነው። ያቺ ክፍለ ጊዜ ግን ጠመኔና ሰሌዳ እንጂ ምንም አልጠየቀችም።

ስለዚህ ገለጻውን ይተዉና ክፍልዎን ይክፈቱ። የአምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ይምረጡ፦ ከ1/2 እና ከ1/3 የቱ ይበልጣል? «3 ከ2 ስለሚበልጥ 1/3» የሚሉ ልጆች እንደማይጠፉ እርስዎም ያውቁታል። ከሁለት ባልደረቦች ጋር ሆነው ጥያቄውንና ልጆቹ ሊሉ የሚችሉትን ስህተት ሁሉ አስቀድመው ይጻፉ። ሊያዩ የሚመጡት መምህራን አንድ አንድ ረድፍ ይያዙ፤ የሚያዩት እርስዎን ሳይሆን የልጆቹን ደብተር ነው። ተማሪው ብዙ በሆነበት ክፍል ይህ እንዲያውም ይጠቅማል፤ እርስዎ ብቻዎን የማይደርሱበትን የኋላ ወንበር የሚያይ ሰው ይኖራል። ሰሌዳውን አያጥፉ። ሲያልቅ መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩ፣ ከዚያ ስለ ልጆቹ መልስ ብቻ ይወራ።

አንድ እንቅፋት ይታየኛል። እኛ ጋ ሰው ክፍል ውስጥ ገብቶ ከኋላ ከተቀመጠ ነጥብ ሊሰጥ ነው፤ ሲፒዲውም (ተከታታይ የመምህራን ሙያ ማሻሻያው) ብዙ ጊዜ ለሱፐርቫይዘር የሚታይ ፋይል ሆኗል። ርዕሰ መምህሩን ሁለት ነገር ይጠይቋቸው፦ ለሚመጡት መምህራን ክፍል የሚሸፍን ሰው፣ እና በዚያ ሰዓት ማንም የምዘና ቅጽ እንዳይሞላ። ሁለተኛውን እምቢ ካሉ ክፍልዎን አይክፈቱ፤ ገለጻውን በአጭሩ አቅርበው ይለፉት፣ ከሁለቱ ባልደረቦችዎ ጋር ግን በትርፍ ክፍለ ጊዜ ይሞክሩት።