መልስ፦ «ባግ» የሚለው ቃል የመጣው ከእሳት እራቷ ነው?

ሰላም ወዳጄ፣ የፕሮግራም ስህተት «ባግ» የተባለው ኮምፒውተር ውስጥ በተገኘች የእሳት እራት ምክንያት ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። የእሳት እራቷ እውነት ናት፤ ቃሉ ግን ከእሷ አልተወለደም።

ነገሩ የሆነው ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ማርክ 2 በተባለው ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ የሚሠራው በሪሌይ ነበር፤ ሪሌይ ማለት ኤሌክትሪክ ሲደርሰው በማግኔት ተስቦ የሚገጥም፣ ሲቋረጥበት የሚለያይ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። በሁለቱ የብረት ጫፎች መሃል ነፍሳት ከገባ ጫፎቹ አይነካኩም፣ ኤሌክትሪክ አያልፍም፣ ስሌቱም ይበላሻል። ሠራተኞቹ ፓነል ኤፍ፣ ሪሌይ ቁጥር 70 ውስጥ ያገኟትን የእሳት እራት በፕላስተር የሥራ መዝገቡ ላይ ለጠፏትና «በእውን ባግ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው» ብለው ጻፉ።

ልብ በል፣ ቁልፉ «በእውን» የምትለዋ ናት። ባግ በእንግሊዝኛ የትናንሽ ነፍሳት መጠሪያ ነው፤ መሐንዲሶች ደግሞ ብልሽትን ቀድሞውኑ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። ቀልዱ የገባቸው ለዚህ ነው። ቶማስ ኤዲሰን እንኳ በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ቃሉን ለመሣሪያ ችግር ተጠቅሞበታል፤ ከእራቷ 69 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ግሬስ ሆፐር አገኟት የሚባለውም መታረም አለበት። እሳቸው በማርክ 2 ላይ የሚሠራው ቡድን አባል ነበሩ፤ ታሪኩን በየመድረኩ እየተናገሩ ያስፋፉትም እሳቸው ናቸው እንጂ እራቷን ያገኙት ሌሎች ናቸው። መዝገቡ ከነእራቷ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል።