ሲባጎ ያዡ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሳይት ላይ ለምትቆሙት ነው። አርባ ዓመት ሕንፃ ሳሠራ ብዙ አይቻለሁ። "ሙያውን ከየት ተማርክ?" ብትሉኝ ግን መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ቀበቶዬን በር ላይ አስረክቤ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ የዞርኩበት ቤተ መቅደስ ነው።

ራናክፑር ይባላል። ሕንድ አገር፣ ራጃስታን ውስጥ፣ ከኡዳይፑር ወደ ሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአራቫሊ ተራሮች መካከል ያለ የጄይኖች ቤተ መቅደስ ነው። ያን ጊዜ እዚያው ሕንድ ተማሪ ነበርኩ። ጄይኖች ነፍስ ያለውን ሁሉ ላለመጉዳት የሚጠነቀቁ የአንድ ሕንዳዊ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው፤ ቆዳ ደግሞ ከሞተ እንስሳ የመጣ ነውና ወደ ውስጥ አይገባም። እናቴ ከመርካቶ የገዛችልኝ ቀበቶ፣ የኪስ ቦርሳዬ፣ የሰዓቴ ማሰሪያ ሳይቀር ዘበኛው ጋ ቀረ። ምሳ በበላንበት የእንግዶች ማረፊያም ወጡ ሽንኩርት የለውም። ሥራ ሥር ሲነቀል ተክሉም ይሞታል፣ አፈሩ ውስጥ ያሉትም ነፍሳት ይጎዳሉ ብለው አይበሉም። ወጥ ያለ ሽንኩርት! እኔም ባልቀምሰው አላምንም ነበር።

ወደ ሙያችን ልመለስ። ገንዘቡን ያወጣው ዳርና ሻህ የሚባል ነጋዴ ነው። የአገሩ ንጉሥ የሜዋሩ ራና ኩምብሃ ነበር፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1433 እስከ 1468 ነገሠ። የኛ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 ናቸው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አብረው ነግሠው በአንድ ዓመት አለፉ ማለት ነው። በ1439 የተቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ንጉሡንና ነጋዴውን ከጠራ በኋላ የግንባታውን መሪ ስም ያነሳል፦ ዴፓካ፣ ሱትራድሃራ። ሱትራ በሳንስክሪት ክር ነው። ሱትራድሃራ ማለት ክር ያዥ። እንደኛ አባባል ሲባጎ ያዥ፣ ረድፉ ቀጥ እንዲል ሲባጎ የሚወጥረው ሰው። እብነ በረድ ሲፈለፍል ለሚውል ሕዝብ አለቃ ስም ሲያወጡ መሮውን ትተው ሲባጎውን መረጡ።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ውስጥ ስገባ ነው። 4,500 ካሬ ሜትር ገደማ ወለል፣ 29 አዳራሽ፣ 1,444 ዓምድ። መሐል ላይ ከ24ቱ የጄይኖች መምህራን የመጀመሪያው የአዲናታ ምስል አለ፤ ፊቱ አራት ነው፣ ወደ አራቱም አቅጣጫ በር ተከፍቶለታል። ይህን ሁሉ ዓምድ አንድ ቤት ውስጥ ካቆማችሁ መጋዘን እንጂ ሌላ ነገር ይወጣዋል ትላላችሁ? በቆሎ ማሳ ዳር የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ መስመሩ ድንገት እስከ ዳር ተከፍቶ ይታያችሁና ሁለት እርምጃ ስትራመዱ ይዘጋል፣ ወዲያው ደግሞ በአግድም ሌላው ይከፈታል። ራናክፑርም እንደዚያው ነው። ረድፎቹ እየተከፈቱ ዓይናችሁን ወደ መሐል ይመሩታል፤ በየመካከሉ ባለው ክፍት ግቢ ብርሃን ይወርዳል። ድንጋዩ ከሰዓት በኋላ ነጭ አይደለም፣ ወደ ማር ይጠጋል።

ጎብኚ ሁሉ የሚያወራው ስለ ቅርጹ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ዓምድ የለም ይባላል። ሃያ ያህሉን አስተያይቼ ተውኩት፤ በእርግጥም የሚመሳሰል አላገኘሁም። ቅርጹን አልንቅም፣ ግን ረድፉ ሁለት ጣት ቢዛነፍ ያን ሁሉ አበባና ዝሆን ማን ያየው ነበር?

ይህን አይቼ መጥቼ እንኳ አልተማርኩም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ሳይት ላይ፣ ኮንክሪት የሚሞላበት የእንጨት ቅርጽ፣ ካሳፎርማው፣ ሲታሰር ሲባጎ ማስወጠር ሰለቸኝና በዓይኔ ብቻ አይቼ "ሙሉት" አልኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዱ ዓምድ 7 ሳንቲም ወጥቶ ተገኘ። የሠራተኞቹ አለቃ ካፖው፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው፣ አንድ ቃል አልተናገረኝም። መዶሻና መሮ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። ሦስት ቀን አብሬ ሳፈርስ ዋልኩ።

እናንተ ርቀትና ማዕዘን የሚለካ ቶታል ስቴሽን የሚሉት መሣሪያ አላችሁ፣ ኮምፒውተሩም የሚያምር ሥዕል ያወጣላችኋል። ባለቤቱ ስለ መስታወቱ ቀለም ሲጨቀጭቃችሁ እሺ በሉት፣ ግን አክሲሱን፣ ዓምዶቹ የሚሰለፉበትን መስመር፣ ሁለቴ ሳትለኩ ፌሮ አታስቁሙ። የለካችሁትንም ሳይት ቡክ ላይ ከነስማችሁ ጻፉ። ዴፓካ ስሙ ድንጋይ ላይ ስላለ እኮ ነው ዛሬ የማወራችሁ። ቤተ መቅደሱ ኋላ ላይ ተጎድቶ፣ ረጅም ዘመን ሰው ርቆት ኖሮ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጄይኖች በትዕግሥት ጠግነውታል። ስለ ጥገና ሌላ ጊዜ እጽፍላችኋለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ልንወጣ ስንል አስጎብኚው አንድ ዓምድ አሳየን፤ ትንሽ ያዘነበለ። እንከን የሌለው ሥራ የሰው አይደለምና ሆን ተብሎ ነው አለ። ጓደኞቼ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ጎንበስ ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። መሠረቱ ሰምጦ ይሆን? የላዩ ጭነት ገፍቶት? ወይስ ዴፓካ በሌለበት ቀን የቆመ ነው? ቱንቢ አልያዝኩም። የሚንጠለጠል ነገር ባገኝ እንኳ እለካው ነበር፤ ቀበቶዬ ግን ዘበኛው ጋ ነው።