ኮምፓይል ይሆናል፣ ራን ሲደረግ ግን ይዘጋል

ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። በሊብግራፍ (የስዕል ላይብረሪ ነው) ክብ የሚስል ትንሽ የሲ ፕሮግራም ጽፈሃል። ሊኑክስ ላይ ያለ ምንም ስህተት ኮምፓይል ይሆናል። ራን ስታደርገው ግን አንዳንዴ ክቡን ያሳይሃል፣ አንዳንዴ «አቦርትድ፣ ኮር ደምፕድ» ብሎ ጥርግ ይላል።

ወንድሜ፣ ኮዱን ሳትነካው ውጤቱ ከተለዋወጠ ክቡን የምትስልበትን መስመር ተወው። እሱ ላይ ብታፈጥ ምንም አታገኝም። ይልቅ ተርሚናሉ ላይ «አቦርትድ» ከሚለው በላይ ያሉትን መስመሮች አንብብ። «ኤክስሲቢ» (xcb) ብለው የሚጀምሩ ከሆነ ነገሩ የትሬድ፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ ስራዎች፣ ጣጣ ነው። መልእክቱም «ኤክስኢኒትትሬድስ (XInitThreads) አልተጠራም» እያለ መፍትሔውን ይነግርሃል። ብዙ ሰው ግን የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አይቶ ይደነግጣል።

ሊብግራፍ የድሮውን የቱርቦ ሲ ግራፊክስ ለማስመሰል ከሥር ኤስዲኤል 1.2 የተባለውን ላይብረሪ ይጠቀማል። ከአንድ በላይ ትሬድ መስኮቶችን ስክሪን ላይ ከሚያሳየው ከኤክስ ሰርቨር ጋር በአንድ መስመር እኩል ሲያወራ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል። አንዱ ቀድሞ ከጨረሰ ክቡን ታያለህ፤ ከተጋጩ ፕሮግራሙ ይሞታል። ስለዚህ የኤክስሊብን (ፕሮግራሙን ከኤክስ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው ላይብረሪ) ሄደር ጨምርና ኤክስኢኒትትሬድስን የሜይን የመጀመሪያ መስመር አድርገህ ጥራ። ግራፊክሱን ከሚያስጀምረው ከኢኒትግራፍ በኋላ ብትጠራው ዋጋ የለውም። ሊንክ ስታደርግ ኤክስ11ን (-lX11) ጨምር፤ የላይብረሪዎቹ ስም ከሶርስ ፋይሉ ስም በኋላ ይምጣ። የኤክስሊብ ፋይል የሆነው ሊብኤክስ11 ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከ1.8 ጀምሮ፣ ይህን በራሱ ስለሚጠራ አዲስ ሲስተም ላይ ችግሩ ላያጋጥም ይችላል።

«ሰግመንቴሽን ፎልት» ካለህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሰረዝ ጂ (-g) ኮምፓይል አድርገህ ጂዲቢ (gdb) በሚባለው ስህተት መፈለጊያ ውስጥ ራን አድርገው። ሲወድቅ «ቢቲ» ብለህ ጻፍ፤ የወደቀበትን ፈንክሽን ከነመስመር ቁጥሩ ያወጣልሃል። በቀጥታ ኤክስሊብ የምትጠቀም ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከኤክስ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው ኤክስኦፕንዲስፕሌይ የመለሰው ነል (ባዶ አድራሻ) ነው። በኤስኤስኤች ከሌላ ኮምፒውተር ገብተህ የዲስፕሌይ ቫሪያብል ባዶ ሲሆን ይህ ይመጣል። ከመጠቀምህ በፊት ነል መሆኑን ቼክ አድርግ።

«ሼርድ ላይብረሪው አልተገኘም» ካለህ ደግሞ በሱዶ ኤልዲኮንፊግ (sudo ldconfig) ራን አድርግ፣ ላይብረሪው ከተጫነ ብዙ ጊዜ ይፈታል። መስኮቱ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ስህተት አይደለም፤ ፕሮግራሙ ስራውን ጨርሶ ነው፣ ዲሌይ ጨምርበት።

ይህን ሁሉ አድርገህም ካልሆነ የቢቲውን ውጤትና ኮምፓይል ያደረግክበትን ትዕዛዝ ሙሉውን ለጥፍልን። ስክሪንሹት አይሁን፣ ጽሑፉን ራሱን።