ጅማ ላይ የድሮ ኮምፒውተር ይዘን ልንገናኝ ነው፤ ጠይቁ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥር መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የድሮ ኮምፒውተሮቻችንን ይዘን እንገናኛለን። ቦታው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለች ትንሽ አዳራሽ ናት። ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ሰው፣ ስድስት ማሽንና አንድ ጭስ ነበረን። ዘንድሮ ጭሱ ይቅርብን። እኔ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ስለ ኤሌክትሪክ ስትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ስለ ምሳ አትጠይቁኝ።

የአጂፕ ልጅ፦ ጋሼ፣ ለምን ጥር? መስከረም ላይ አይሻልም? በዓልም ነው፣ ሰው ይመቸዋል።

መልስ፦ መስከረም ጅማ ላይ ዝናብ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ግማሻችሁ ቡና ለቀማ ትገባላችሁ። ጥር ደረቅ ነው። አለቀ።

የጅሬኗ፦ ጋሼ፣ አጎቴ ከአሜሪካ ያመጣው ዴል አለ፣ በፈረንጆቹ የ2001 አካባቢ። ሃያ ዓመት ካርቶን ውስጥ ነው። ሰክቼ ልየው ወይስ እዚያው ላምጣው?

መልስ፦ እንዳትሰኪው! መጀመሪያ ከኋላው ዞረሽ እይ። የመብራት ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች። በካቻቢቴ ጫፍ ትገፋለች። አንዱ ጎን 115፣ ሌላው 230 ይላል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ስለሆነ እዚያ የኖረ ማሽን 115 ላይ ነው የሚመጣው። የኛ ደግሞ 220 ነው።

ለምን እንደምጮህ ልንገርሽ። ማብሪያዋ 115 ላይ ስትሆን ፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ሳጥን) የሚገባለትን ቮልት እጥፍ አድርጎ ይሠራበታል። ውስጡ ሁለት ወፋፍራም ካፓሲተሮች፣ ማለት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች፣ አሉ። ብዙ ጊዜ እያንዳንዳቸው የሚችሉት 200 ቮልት ነው። አሜሪካ ላይ እያንዳንዳቸው 170 አካባቢ ይሞላሉ፣ በሰላም ይኖራሉ። የኛን 220 ስትሰጪው ግን እያንዳንዳቸው ከ300 በላይ ይሞላሉ። ከዚያ ጧ! ሰፈር ይሰማል። በተቃራኒው 230 ላይ ሆኖ አሜሪካ ቢሰካ ምንም አይሆንም፣ አልነሳም ይላል እንጂ። ስለዚህ ስትጠራጠሪ 230 ላይ አድርጊያት።

ማብሪያዋ የሌለችበትም ማሽን አለ። ያኔ መለያውን ታነቢያለሽ። 100-240 ካለ ራሱ ያስተካክላል። 115 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም።

ፔንቲየም ሁለት፦ የኔ ኮምፒውተር አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ "አይሠራም" ማለት ምን ማለት ነው? ፋኑ ይዞራል? ይጮኻል? ጭራሽ ዝም ነው? ሐኪም ቤት ሄደህ "አሞኛል" ብለህ ዝም ትላለህ?

ፔንቲየም ሁለት፦ ይቅርታ ጋሼ። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ረጅም ረጅም ጩኸት ይጮኻል።

መልስ፦ አየህ? ገመዱን ንቀል። ራሙን (ትንሿን የማስታወሻ ሰሌዳ) አውጣና ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ጥረግ። ብናኙን እፍ በልና እስኪነክስ ድረስ መልሰህ ሰካው። ጠጋኝ ቤት ብትወስደው መጀመሪያ የሚሠሩልህ ይኸንኑ ነው። ያስከፍሉሃልም፣ እኔን ጨምሮ።

ጎል ቤት፦ እኔ ድሮ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረኝ። አንደኛዋን ፕሌይስቴሽን ይዤ ብመጣ ችግር አለው?

የአጂፕ ልጅ፦ ፕሌይስቴሽን ኮምፒውተር አይደለም እኮ። ኪቦርድ እንኳ የላትም።

ጎል ቤት፦ ኪቦርድ ነው እንዴ ኮምፒውተር የሚያደርገው? ፕሮሰሰር አላት፣ 2 ሜጋባይት ራም አላት። እዚህ የምታከብሩት የድሮው ኮምፒውተር ኮሞዶር ያለው 64 ኪሎባይት ነው።

ባለኮሞዶሩ፦ የኔን አታንሳ! ኮሞዶርን ስታበራው ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይዞ ይጠብቅሃል። እዚያው ትጽፋለህ፣ እዚያው ይሠራል። ያንተዋ ሲዲ ካላጎረስካት ምን ታውቃለች?

ጎል ቤት፦ ሶኒ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ፕሮግራም መጻፊያ ጥቁር ፕሌይስቴሽን አውጥቷል። አንብብ።

የአጂፕ ልጅ፦ ያንተዋ ጥቁር ናት?

ጎል ቤት፦ ግራጫ ናት።

መልስ፦ በቃ። ትምጣ። ልጆቹ እሷ ላይ ይሰበሰባሉ፣ እኛ በሰላም እንሠራለን። ግን የጃፓን ወይም የአሜሪካ ከሆነች የኛን መብራት አትችልም። ገልብጠህ ሆዷ ላይ ያለውን ቮልት አንብብ።

ባለኮሞዶሩ፦ ጋሼ፣ የኔ ከጀርመን ስለመጣ ቮልቱ ልክ ነው። ስለዚህ እኔ ሰላም ነኝ አይደል?

መልስ፦ አይደለህም። ኮሞዶር 64 የወጣው በፈረንጆቹ 1982 ነው። አብሮት የመጣው ከባዱ ጥቁር ጡብ ፓወር ሰፕላይ ዛሬ ከማሽኑ ይልቅ ያስፈራኛል። ሁለት ነገር ነው የሚያወጣው፦ 9 ቮልት ኤሲና 5 ቮልት ዲሲ። ያቺ 5 ቮልት የምትወጣበት ክፍል ሲያረጅ ሌላው ዕቃ እንደሚያደርገው ዝም ብሎ አይሞትም። ወደ ላይ ነው የሚሄደው። 6፣ 7፣ ከዚያም በላይ ይሰጥሃል። ራሞቹ ይህን አይችሉም። አንተ ጨዋታ እየተጫወትክ እነሱ ይቃጠላሉ፣ ጭስ እንኳ ላታይ ትችላለህ።

ብዙዎቹ ደግሞ ውስጣቸው በሙጫ ስለተሞላ ከፍተህ አትጠግነውም። ጡቡን ብቻውን ሰክተህ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለካው። ከ5.2 በላይ ካየህ ወደ ማሽኑ አታስጠጋው። ልክ ቢሆንም አትመነው፣ ዛሬ 5 የሰጠህ ነገ 8 ሊሰጥህ ይችላል። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። 5 ቮልቷን ከአዲስ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ፣ 9 ቮልቷን ከትንሽ ትራንስፎርመር አወጣለሁ። ቅዳሜ ይዘኸው ና፣ አብረን እንሠራዋለን። ጡቡን መጽሐፍ መደገፊያ አድርገው።

ጊቤ ማዶ፦ የምመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ባለሆዱን ሞኒተር በአውቶቡስ እንዴት ላምጣ?

መልስ፦ 350 ኪሎ ሜትር ሙሉ እቅፍህ ውስጥ አድርገው፣ መስታወቱ ወደ ደረትህ። ባይሆን አታምጣው፣ እዚህ ሦስት አለን።

ቡና በጨው፦ ኮምፒውተሬን ስነካው ይነዝረኛል። ጎረቤቴ "ኖርማል ነው" አለኝ።

መልስ፦ ጎረቤትህ ግማሽ እውነት ነው የነገረህ። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከመስመሩ ወደ ኬዙ የተያያዙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ሥራቸው የሚያገኙትን ረብሻ ወደ መሬት መጣል ነው። ሶኬትህ የመሬት መስመር (ኧርዝ) ከሌለው የሚጥሉበት ያጣሉ። ያኔ ኬዙ 110 ቮልት አካባቢ ይዞ ይቀመጣል። የሚፈሰው በጣም ትንሽ ስለሆነ አይገድልህም፣ ይነዝርሃል። በባዶ እግርህ እርጥብ ሊሾ ላይ ስትቆም ይብሳል።

ችግሩ ስብሰባ ላይ ነው። አንዱ ማሽን መሬት አለው፣ ሌላው የለውም። ሁለቱም እንደበሩ በኬብል ስታገናኛቸው ያ ንዝረት በኬብሉ ያልፋል። የፕሪንተር ወደቡ ተቃጠለ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሕግ አለ። ሦስተኛው፣ የመሬቱ እግር የተቆረጠ ገመድ አዳራሹ ውስጥ አይገባም። ማንኛውም ኬብል የሚሰካው ሁለቱ ማሽኖች ጠፍተው ነው።

ካናዳ ደርሶ መልስ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔ ከካናዳ የመጣ ኮምፒውተር አለኝ፣ ዝም ብዬ ብሰካው...

መልስ፦ ከላይ አንብብ! ቀይ ማብሪያ!

የአጂፕ ልጅ፦ መዋጮ ስንት ነው? ዋይፋይስ አለ?

መልስ፦ ገንዘብ ያዥ አይደለሁም። ዋይፋዩን ለዊንዶውስ 98 ልታደርገው ነው?

ፔንቲየም ሁለት፦ አሥር ሰው ቢመጣ መብራቱ ይችላል?

መልስ፦ ጎበዝ፣ አሁን ጠየቅክ። ባለሆዱ ሞኒተር 80 ዋት፣ ኬዙ 100 ዋት ብለህ ያዝ። አሥሩ 1800 ዋት ነው። ለ220 ስታካፍለው 8 አምፔር አካባቢ ይመጣል። በአንድ ቀጭን ኤክስቴንሽን ይህን ካስጎተትክ ገመዱ ይግላል። ስለዚህ ከሁለት የተለያዩ ሶኬቶች እንወስዳለን። ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ መቀጠል ክልክል ነው።

ዋናው ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ሞኒተር ሲበራ "ቡም" የሚል ድምፅ ሰምታችኋል? ያ ማግኔቱን የሚያጸዳው ጥቅል ሽቦ ነው። ለአፍታ ብዙ ይጎትታል። አሥር ሞኒተር በአንድ ላይ ቡም ካለ ብሬከሩ ይወርዳል። መብራት ሲሄድ ሁላችሁም ማብሪያችሁን አጥፉ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ አንድ በአንድ።

ቡና በጨው፦ አባቴ በአማርኛ መጻፊያው በፓወር ግዕዝ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ፍሎፒ ላይ አሉ። ላምጣቸው?

መልስ፦ አምጣ። ግን መዝጊያዋን ገፍተህ ውስጡን እይ። ነጭ ነጥብ ካለ ሻጋታ ነው፣ ድራይቭ ውስጥ እንዳታስገባው። የድራይቩን ራስ ያበላሻል፣ ቀጥሎ የሚገባውንም ይጭራል። ስለ ፊደሉ ሌላ ሰው ጠይቅ።

የጅሬኗ፦ እኔ ልመልስለት፣ ስምንት ዓመት ጽሕፈት ቤት ሠርቻለሁ። ፋይሉን ስትከፍተው የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ብሎ ታያለህ። አትደንግጥ፣ አልጠፋም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የላቲኑን 256 ቦታ ነው የተዋሱት። የኛ ፊደል እዚያ ስለማይበቃ አንዱ ለሁለት ፎንት ይከፍለዋል፣ ሌላው ቅጥያውን ለብቻ ይለጥፋል። ስለዚህ የፓወር ግዕዙን በቪዥዋል ግዕዝ ብትከፍተው ሌላ ዝብርቅርቅ ነው። መጀመሪያ ፋይሉን ቅዳ፣ ከዚያ ያንኑ ፎንት ጫን። "አስተካክላለሁ" ብለህ ሴቭ እንዳታደርገው።

ባለኮሞዶሩ፦ ስምንት ዓመት! የኔን መመረቂያ ጽሑፍ አንቺ ትሆኚያለሽ የጻፍሽው።

የጅሬኗ፦ "ሃ" እና "ሐ" የሚያምታታው አንተ ነህ?

መልስ፦ ወደ ጉዳያችን።

ስልክ ብቻ፦ እኔ ማሽን የለኝም፣ ስልኬ ላይ ኢሙሌተር (የድሮ ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም) አለ። ይቻላል?

መልስ፦ ና። በርጩማ አለ።

ጎል ቤት፦ ጋሼ፣ ያለፈው ዓመት ጭስ የማን ነበር? እስካሁን አልነገሩንም።

መልስ፦ የኔ ነበር። ትቶት የሄደው አንድ የውጭ አገር መምህር ነው፣ አፕል ቱ የምትባል የድሮ ኮምፒውተር ናት። ቮልቱን አይቻለሁ፣ ልክ ነበር። ያላየሁት ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለችውን ቢጫ፣ ብርሃን የምታሳልፍ ካፓሲተር ነው። ውስጧ ወረቀት ነው። ልባሷ በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ እርጥበት ይገባል። የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሰካሁት፣ አሥር ደቂቃ ሠራ፣ ከዚያ አዳራሹ ጉም ሆነ። ሽታው ሸሚዜን ለሳምንት አልለቀቀም። ማሽኗ ግን ደኅና ናት፣ ካፓሲተሯን ቀይሬ ትሠራለች።

ከዚያ ወዲህ የተኛ ማሽን በቀጥታ አልሰካም። የድሮውን የሚግል 100 ዋት አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገባለሁ፣ መብራቱ በሱ አልፎ ነው ወደ ማሽኑ የሚሄደው። ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ጥሩ ነው። ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፣ ያኔ የሚበራው አምፖሉ ነው፣ የሚቃጠል ነገር የለም። አዳራሹ በር ላይ አስቀምጠዋለሁ። በሱ ያላለፈ ማሽን አይበራም፣ የኔም ጭምር። ሞኒተር ግን ማንም እንዳይከፍት፣ ውስጡ 25,000 ቮልት አለ፣ ከጠፋም በኋላ ይቆያል።

ካናዳ ደርሶ መልስ፦ ጋሼ፣ ቀይዋን ማብሪያ አገኘኋት። 115 ላይ ናት።

መልስ፦ ጎሽ። ግፋት።

ካናዳ ደርሶ መልስ፦ እሺ። ግን ትናንት ሰክቼው ነበር።

መልስ፦ ጧ አለ?

ካናዳ ደርሶ መልስ፦ ብሏል።

መልስ፦ ፓወር ሰፕላዩ ነው የሄደው፣ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ቅዳሜ ይዘኸው ና። ገመዱን ቤት ተወው።