«ልቡ ደነደነብኝ»

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከባድ ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። የዘጠኝ ዓመት ልጃችንን ዓይኑን በነጠላ አስሮ ከጓዳ እስከ ደጅ በዳበሳ ያስወጣዋል። ሲሳሳት ይጮህበታል። ጥምቀት ላይ እንኳ ፋሲለደስ መዋኛ ሕዝቡ መሐል ቆመን፣ ዓይኑ መውጫው ላይ ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት ስለ ሥልጠናው ሊያወራኝ ሲጀምር «ተው፣ ልጆቹ ይሰማሉ» ብዬ አቋረጥኩት። ልቡ ደንድኗል። እንዴት ላለሳልሰው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ጩኸቱ ብዙ ጽፈሻል። ስለዚያች ሌሊት ግን አንድ መስመር ብቻ። እኔን የያዘችኝ እሷ ናት።

እንዲህ ያለ ሥልጠና ሆን ተብሎ እውነተኛውን አደጋ እንዲመስል ይደረጋል። ጭስ፣ ጨለማ፣ ጩኸት። ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀው ሁሉ ይጠፋዋል፤ የተለማመደ እጅ ግን ሥራውን አይረሳም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዶናልድ ማይከንባም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ከክትባት ጋር አመሳስሎታል፤ ትንሽ ጫና ለትልቁ ያዘጋጃል። ክትባት ደግሞ መጠን አለው። መጀመሪያ ዘዴውን መማር፣ ከዚያ ጫናውን ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ጥሩ ሥልጠና ሲያልቅም ቁጭ ተብሎ ይወራል። የት ላይ ፈራህ? ማን ትዝ አለህ?

ይቺ ወሬ ከተዘለለች ፍርሃቱ ከደንብ ልብሱ ጋር አይወልቅም፤ ቤት ይገባል። ልጁ ደግሞ ትምህርት ቤት ይዞት ይሄድና ጓደኛው ላይ ይጮኻል። የአንድ ሰው ሥልጠና ሰፈር የሚደርሰው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ልቡ የደነደነ አይመስለኝም። በ2012 ጥምቀት እዚያው መዋኛው ጋ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። የጎንደር ሰው አይረሳውም። ባልሽ መውጫውን ሲፈልግ ስለ እናንተ እያሰበ ነበር። ምናልባት በጭሱ ውስጥ በሩን ሲዳብስም የታየው የልጁ ፊት ይሆናል።

ቅር አይበልሽና፣ ሊነግርሽ ሲጀምር አፉን ያስያዝሽው አንቺ ነሽ። ለልጆቹ ብለሽ ነው፤ ይገባኛል። ግን ወሬው ቢቀርባቸው ጩኸቱ አልቀረላቸውም።

ዓይን ማሰሩ ይቁም። በዚህ ከእሱ ጋር አልስማማም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አባቱ እያስተማረው ይሁን እየቀጣው መለየት ይቸግረዋል። መውጫውን ዓይኑን ገልጦ፣ እየተጫወቱ ያሳየው።

ልጆቹ ሲተኙ ቡና አፍዪና «ያቋረጥኩህን ጨርስልኝ» በይው። አትምከሪው። ዝም ካለም አትጎትጉቺው፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እንቅልፍ ካጣ፣ በትንሽ ድምፅ ከበረገገ ወይም እጁን ካነሳ ግን የእኔ ደብዳቤ አይበቃም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። ባለሙያ ፊት ለፊት ቢያናግራችሁ ይሻላል። እሱ እምቢ ካለሽ፣ መጀመሪያ ብቻሽን ሂጂ።