መልስ፦ 486 ላይ ኤም 1 ታንክ ፕላቱን «ሜሞሪ አይበቃም» ሲል

አቦ፣ ስለ 486ህ (የድሮ ኮምፒውተር) እና ስለ ኤም 1 ታንክ ፕላቱን (የታንክ ጌም) የጠየቅከው ሁለት የተለያየ ችግር ነው። ማሽኑ ተነቅሎ ሲያድር ቀኑ ወደ 1980 የሚመለሰውና ማሽኑ ሃርድ ዲስኩን የማያውቀው በባትሪው ነው። «ሜሞሪ አይበቃም» የሚለው ግን ከዶሱ (ጌሙ የሚሠራበት የድሮ ሲስተም) አነሳስ ነው።

ከባትሪው ጀምር፣ ዋናውን ቦርድ (ማዘርቦርድ) የሚበላው እሱ ነው። ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ትንሽ በርሜል የመሰለ 3.6 ቮልት ከሆነ ኒኬል ካድሚየም (ቻርጅ የሚደረግ) ነው። ዙሪያው አረንጓዴ ዝገት ካለ ፈሷል ማለት ነው። ቆርጠህ አውጣው፤ ቦታውን በጥርስ ብሩሽና በጥቂት ኮምጣጤ እሸው፣ ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ አሲዱ ያከሽፈዋል። ከዚያ በአልኮል ጠርገህ በደንብ አድርቅ። በምትኩ ክብ የሊቲየም ባትሪ እንዲሁ እንዳትበይድ! ቦርዱ ቻርጅ ሊያደርገው ስለሚሞክር ሊፈነዳ ይችላል። መሃል ላይ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ እቃ) ይግባ።

ወደ ሜሞሪው፦ 8 ሜጋባይት ቢኖርህም ጌሙ የሚያየው መጀመሪያ ያለውን 640 ኪሎባይት ነው። ኮንፊግ ፋይሉ (ዶስ ሲነሳ የሚያነበው CONFIG.SYS) ላይ መጀመሪያ ሃይሜም፣ ቀጥሎ ኢኤምኤም 386 (ሁለቱም ሜሞሪ የሚያስተዳድሩ ድራይቨሮች ናቸው)፣ ከዚያ ዶስን ወደ ላይ የሚያወጣው መስመር (DOS=HIGH,UMB) ይግባ። ከተገለበጠ ኢኤምኤሙ አይነሳም። የሲዲ ድራይቨሩን አውጣ፣ ማውሱን ከ640 በላይ ወዳለው ሜሞሪ ጫን። ዶስ ላይ «ሜም» ብለህ ጽፈህ ስታይ ከመጀመሪያው 640 ውስጥ ከ600 ኪሎባይት በላይ ነፃ ካለ በቂ ነው። ታንኮቹ ከመጠን በላይ ከፈጠኑ የተርቦ ቁልፉን (የማሽኑን ፍጥነት የሚቀይረውን) አጥፋ።

በድሬ ሙቀት የፕሮሰሰሩን ፋን አቧራ ሳትጠርግ ረጅም ሰዓት አትጫወት። ማሽኑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሳትሰካው በፊት ከኋላ ያለው ቀይ የቮልት መምረጫ 230 ላይ መሆኑን እይ።